እሺ ወይስ ኤይሽ

አባዬን ስትሮክ ከመታው ወዲህ የቀረችው ቃል አንዲት ናት፤ እሺ። ሻይ ላምጣልህ ስለው እሺ ይላል። ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ልድፋው ስለውም እሺ ይላል። የንግግር ሐኪሟ ነገሩ የሚያጋጥም መሆኑን አስረድታኛለች። አንጎል ውስጥ ቃል የሚሰናዳበት ቦታ ሲጎዳ አንዳንዱ ሰው አንዲት ቃል ብቻ ትተርፈውና እሷኑ ለሁሉም ነገር ያደርጋታል፤ የሚሉትን ግን ይሰማል፣ ይረዳልም አለችኝ። ከቃል ሁሉ ተመርጣ እሺ መትረፏ እኔን አልገረመኝም። አባቴ አብዱልጀባር ማለት በስደት አገር፣ ዳቬይተን በሚባል ታውንሺፕ፣ የድሃ ጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ ሱቅ ከፍቶ፣ ለደንበኛም፣ ለአከራይም፣ ለዘመድም፣ አላህ ይዘንላትና ለእናቴም እሺ እያለ ዕድሜውን የገፋ ሰው ነው። ሰው ፊት እምቢ ማለት ያመዋል።

ጣጣው የመጣው ታላቅ ወንድሙ አጎቴ ከቢር ከወራቤ ድረስ ሊወስዱት ሲመጡ ነው። ሜይፌር ሰፈር ባለችው ጠባብ ሳሎኔ ውስጥ፣ ጎረቤቶች በተሰበሰቡበት፣ ከጎኑ ቁጭ አሉና እጁን ይዘው «ጀባር፣ ወንድሜ፣ አገራችን እንግባ?» አሉት። አባዬ ቀና ብሎ አያቸውና «እሺ» አለ። ከዚያ ወዲያ እኔን ማን ይስማኝ። አጎቴ አልሐምዱሊላህ አሉ፣ ጎረቤቴ ፈዲላ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ ትኬት ተቆረጠ፣ ለሐሙስ ተባለ።

ነገሩ ሄዶ መምጣት ቢሆን ግድ አልነበረኝም። የአባዬ ወረቀት ግን የስደተኛ ወረቀት ነው። አገሩ የገባ ዕለት ያከትምለታል፤ ተመልሼ ልምጣ ቢል የሚያስገባው የለም። ስለዚህ ሐሙስ የሚሄደው ለሁልጊዜ ነው። ፈልጎ ከሆነ ይሂድ፣ አልቅሼ እሸኘዋለሁ፣ የእኔ ወረቀት አይከለክለኝምና ከሥራ ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥርም ሄጄ አየዋለሁ። እኔን ያንገበገበኝ መፈለጉን አለማወቄ ነው። በማግስቱ ሰው እስኪወጣ ጠብቄ «አባዬ፣ እኔ ጋ ብትቀርስ?» አልኩት። እሺ አለኝ።

ይህንን ለአጎቴ ስነግራቸው ሳቁ። «እሱማ አንቺን ላለማስከፋት ነዋ፣ ሐቢባ። አባትሽን አታውቂውም እንዴ?» አሉኝ። እርስዎንስ ላለማስከፋት ቢሆን የሚለው ነገር ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ታላቅ ናቸውና ዋጥኩት። እኔ ደግሞ ነገር መዋጥ አልሆነልኝም፤ የዋጥኩት ሁሉ እስከ ሥራ ቦታ ድረስ ተከትሎኝ ይሄዳል።

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ ማስተዋወቅ ነው እላለሁ። ፈዲላ «ሠርግ ላይ?» ብላኝ ታውቃለች። አይ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ነው አልኳት፤ ያሾፍኩባት መስሏት ተቀየመችኝ።

እውነቴን ነበር። ከርነል የሚባለው፣ ኮምፒውተር ውስጥ የሁሉ አዛዥ የሆነው ፕሮግራም፣ ሲነሳ ምንም ሳያይ ነው የሚነሳው። እጄ የት ነው፣ እግሬ የት ነው የሚለውን አያውቅም። በለመድናቸው ኮምፒውተሮች ላይ ብዙው ዕቃ ሲጠየቅ እኔ እከሌ ነኝ ብሎ ራሱን ይናገራል። እኛ ብራምፎንቴን ባለችው ትንሽ ቢሮ የምንሠራው ቦርድ ግን ሪስክ ፋይቭ በሚሉት አዲስ ዓይነት ፕሮሰሰር የሚሠራ ነው፤ ላዩ ላይ የተበየዱት ዕቃዎችም አብዛኞቹ ዝምተኞች ናቸው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? አንድ ሰው ስለ እነሱ መናገር አለበት፣ ያ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። ዲቫይስ ትሪ የሚባል ጽሑፍ እጽፋለሁ፤ የዕቃዎች ዛፍ እንደ ማለት ነው። የትኛው ዕቃ በየትኛው መስመር ላይ እንደተቀመጠ፣ አድራሻው የት እንደሆነ፣ ወላጁ ማን እንደሆነ፣ ጉዳይ ሲኖረው የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ ለከርነሉ አስረዳለሁ።

ከሁሉ የምወዳት ማንን ይመስላል የምትለዋን መስመር ነው። ዕቃው አዲስ ሲሆን ከርነሉ ስሙን ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የራሱን ስም፣ ቀጥዬ የቀደመ ዘመዱን ስም እጽፋለሁ፤ ይህንን ካላወቅህ የእከሌ ወገን ነውና እንደ እሱ አድርገህ ያዘው ማለቴ ነው። የስልጤ ሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰው ይህቺን መስመር ያውቃታል። የማን ልጅ ነሽ ይላሉ፤ አባትሽን አላወቁትም። የአባትሽስ አባት? እሱንም አላወቁትም። እየወጡ እየወጡ የሚያውቁት ቅድመ አያት ላይ ሲደርሱ «ታዲያ የእኛው ልጅ አይደለሽ?» ብለው ጠጋ ይሉልሻል። ከርነልም እንዲሁ ነው።

የመጨረሻዋ መስመር አጭር ናት። ይህ ዕቃ ሥራ ይግባ ወይስ አይግባ? ይግባ ከሆነ ኦኬ ብሎ መጻፍ ነው፣ አለቀ።

በዚያ ሰሞን የያዝነው ቦርድ የገጠር ክሊኒኮችን የክትባት ማቀዝቀዣ የሚጠብቅ ነው። ማቀዝቀዣው ሲሞቅ ለነርሷ ስልክ መልእክት ይልካል። ቦርዱ ደህና ይነሳል፣ ኔትወርኩን ያገኛል፣ መብራቱም ይበራል። ዋናው ዕቃ፣ ሙቀት መለኪያው ግን የለም። ተበላሸ አይደለም የምለው፣ ከነጭራሹ የለም። ከርነሉ አላማረረ፣ አልተሳደበ፣ እንዲህ የሚባል ዕቃ ሰምቶም እንደማያውቅ ጸጥ አለ። ዝም አይነቅዝም የሚሉት ከርነል ላይ ሠርተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ሽቦውን ፈተሽኩ፣ ብየዳውን በማጉያ መነጽር አየሁ፣ አድራሻውን ከሰነዱ ጋር አመሳከርኩ። ሁሉም ልክ ሲሆንብኝ ቦርዱን ያመረተውን ፋብሪካ ከነዘር ማንዘሩ ሰደብኩት።

ማክሰኞ ዕለት አጎቴ ለአገር ቤት ዘመድ ስጦታ ሊገዙ ከፈዲላ ባል ጋር ወደ ጀፕስታውን ገበያ ወጡ። እኔ ሥራ ስሆን አባዬን የምትጠብቅልኝ ፈዲላም ቀጠሮ ነበራት። ስለዚህ ይዤው ቢሮ ገባሁ። በግራ እጁ ከዘራውን ይዞ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ፣ ላገኘው ሰው ሁሉ ራሱን ዝቅ እያደረገ ገባና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ።

የሥራ ጓደኛዬ ሌራቶ የሶዌቶ ልጅ ናት። ከርነሉን ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለች፣ ከእኔ በተሻለም ትስቃለች። ሽማግሌ ስታይ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች፤ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ «ሳውቦና፣ ባባ» ብላ በአገሯ ቋንቋ ሰላም አለችው። አባዬ በተጣመመው አፉ ያቺኑ የተለመደች ቃሉን አላት። ሌራቶ ራሷን እየነቀነቀች «አውቃለሁ ባባ፣ አውቃለሁ» ብላ ትከሻውን ዳበሰችው። እሺ ያለ ሰው ምን ማጽናናት ያስፈልገዋል ብዬ ትንሽ ገረመኝ። ሐሳቤ ሁሉ ሙቀት መለኪያው ላይ ስለነበር ተውኩት።

«የጻፍሽውን አሳይኝ እስቲ» አለች ወንበሯን ወደ እኔ እየጎተተች። ከላይ ጀምራ መስመር በመስመር አነበበችው። ወላጁ ልክ ነው። አድራሻው ልክ ነው። የዘመዱ ስም ልክ ነው። መጨረሻ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ተጠግታ አየች፣ ከዚያ ሳቅ አፈናት።

«ሐቢባ፣ ምን ሆነሽ ነው ኤይሽ ብለሽ የጻፍሽው?»

«ምን አልኩ?»

«ይኸው። ዕቃው ሥራ ይግባ ወይ ሲልሽ ኤይሽ ብለሽዋል።»

ኤይሽ እዚህ አገር ሰው ሁሉ የሚላት ቃል ናት። ታክሲ ሲያመልጥ ኤይሽ፣ መብራት ሲጠፋ ኤይሽ፣ ሰው ሲሞት ኤይሽ። ወይ ጉድ ማለትም ናት፣ ምን ይደረግ ማለትም ናት፣ አይ አይሆንም ማለትም ናት፣ አንጀቴን በላሽው ማለትም ናት። ስትባል ነው የምትታወቀው እንጂ ስትጻፍ አትታወቅም።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ኤይሽ አልነበረም። ኦኬ መባል ባለበት ቦታ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ እሺ ብዬ ጽፌያለሁ። ያቺን መስመር የጻፍኳት እቤት፣ አባዬ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነበር። ትራስ ልጨምርልህ? እሺ። መስኮቱን ልዝጋው? እሺ። ጣቴ ጆሮዬን ሰምቶ ጻፈ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል፤ ጣት ሲከዳ ምን እንደሚባል እንጃ። ከርነሉ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ከኦኬ በቀር የሚያውቀው ፈቃድ የለም። ሌላ ምንም ቢጻፍ፣ ስድብም ይሁን ምርቃት፣ አልተፈቀደም ብሎ ያልፋል። እኔ እሺ አልኩት፤ እሱ እምቢ አለች ብሎ ያዘው።

«ኤይሽ አይደለም» አልኳት እየሳቅኩ። «እሺ ነው። በአማርኛ ኦኬ ማለት ነው።»

«እሺ» አለች ቃሉን አፏ ውስጥ እያገላበጠች። ከዚያ ወደ አባዬ ዞረች። «ቆይ፣ ባባ የሚላት እሷን ነው እንዴ? እኔ እኮ ኤይሽ የሚል መስሎኝ ነው ያጽናናሁት።»

ሳቄ እዚያው ቆመ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አንዲት ነርስ «አባትሽ ቀኑን ሙሉ ኤይሽ ሲል ዋለ፣ በጣም አዝኗል መሰለኝ» ብላኝ ነበር። እኔም አዋቂ ሆኜ አርሜያት ነበር፤ እሺ ነው የሚለው፣ በእኛ ቋንቋ መስማማት ነው ብያት።

አባቴ እኮ በስልጥኛና በአማርኛ ብቻ አልኖረም። ከልጅነቴ ጀምሮ ከስፓዛው የብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ የሚሰማውም የሚናገረውም የታውንሺፑን ቋንቋ ነበር። ደንበኛ ልጇ እንደታመመባት ስትነግረው ኤይሽ ይላታል። ዳቦው አልቋል ለማለት ኤይሽ ይላል። ለዘመድ እሺ፣ ለሰፈሩ ኤይሽ። ግማሽ አፉ አልታዘዝ ሲለው ሁለቱ ቃላት ተጠጋግተው አንድ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው። ሌራቶ የራሷን ቃል ሰማች፣ እኛም የራሳችንን ሰማን፤ አጎቴ ደግሞ ትኬት ቆረጡበት።

ሌራቶ ቃሉን አስተካክላ ቦርዱን እንደገና አስነሳችው። ሙቀት መለኪያው ምንም እንዳልተፈጠረ የቢሮውን ሙቀት ተናገረ። ዕቃው ደህና ነበር፣ ሲጀመርም ደህና ነበር። ሌራቶ በደስታ ጠረጴዛውን ደበደበች። እኔ ቦርዱን አላየሁትም፣ አባዬን ነበር የማየው። ቀድሜ ልውጣ አልኳት።

እቤት ስንገባ ሶፋው ላይ አስቀመጥኩትና ወንበሬን ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። የጀመርኩት መልሱን ከማውቀው ጥያቄ ነው፤ ዕቃም ሲፈተሽ እንደዚያ ነው።

«አባዬ፣ ሻይ ላፍላልህ? ስኳር በዛ አድርጌ?»

«እሺ» አለ። አጭር ናት፣ መጨረሻዋ ቀና ይላል።

«ዱባ ልሥራልህ?» ዱባ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ጠላቱ ነው።

«እይይሽ» አለ። ይህቺኛዋ ረዘመች፣ ወደ ታች ወረደችና ሽ ላይ ተዘጋች። እስከዚያ ቀን ሁለቱ ለጆሮዬ አንድ ድምፅ ነበሩ ለማለት ይከብደኛል፤ ያንን ያህል ጊዜ ምን እሰማ እንደነበር አላውቅም። እሺ ብሏል ብዬ ስንት ዱባ እንዳበላሁት ትዝ ሲለኝ ደግሞ አፈርኩ።

«ፈዲላ መጥታ ታጫውትህ?» ፈዲላ ወሬ ከጀመረች አታቆምም። ረጅሟን አለ፣ ደግሞም ዓይኑን ጨፈነ። ሳቅኩ። እሱም ባልታመመው ጉንጩ ሳቀ። እንደገባኝ ገብቶታል። እጄን በግራ እጁ ይዞ ነቀነቀው፣ ጠፍቶ የኖረ ሰው እንዳገኘ ሁሉ።

ከዚያ ፈራሁ። ዋናውን ጥያቄ መጠየቅ ነበረብኝ፤ መልሱ አጭሯ ብትሆን ምን እሆናለሁ? ሻዩን አፍልቼ መጣሁ፣ ስኳሩን ከሚገባው በላይ አማሰልኩት።

«ከአጎቴ ጋር አገር ቤት መሄድ ትፈልጋለህ?»

ረጅሟን አለ።

«እሰይ። እኔ ጋ መቅረት ነው የምትፈልገው እንግዲህ?»

ለዚህም ረጅሟን አለ።

ግራ ገባኝ። ዳቬይተን፣ ሱቁ ሰፈር ልውሰድህ አልኩት፤ ረጅሟን። እኔን ጠልተኸኝ ነው አልኩት፤ ረጅሟን፣ ይህቺኛዋን ደግሞ በቁጣ። «ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልገው?» ብዬ ጮህኩበት። ምንድን ነው ለሚል ጥያቄ በአንድ ቃል ምን ብሎ ይመልስ? ጩኸቴ ለራሴው አስጠላኝና አንገቴን ደፋሁ።

እጁ መጣ። በአውራ ጣቱ ከዓይኔ ሥር፣ የጠቆረው ቦታ ላይ ዳሰሰኝ። «እይይሽ» አለኝ ቀስ ብሎ።

የዚህችን ትርጉም ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። ሱቅ ሳለ የታመመ ሕፃን ያዘሉ እናቶችን የሚላቸው ይህቺን ነበር። ሲያዝንልኝ ነው። ሌሊት የሚነሳው እኔን እየቀሰቀሰ ነው፣ የማጥበው እኔ ነኝ፣ ከሥራ ተሯሩጬ የምመጣው እኔ ነኝ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን እሱ ተቀምጦ ያያል። ወንድ ልጅ የለውም፣ ሌላም ልጅ የለውም።

«ለእኔ አዝነህ ነው?» አልኩት።

«እሺ።» አጭሯን።

«ደክሟታል ብለህ ነው እኔ ጋ መቅረቱን የጠላኸው?»

«እሺ።»

«እኔ ባይደክመኝ ኖሮ ትቀር ነበር?»

«እሺ» አለና እንባው መጣ። አባቴ ሲያለቅስ ሁለተኛ ማየቴ ነው፤ የመጀመሪያው እናቴ የሞተች ዕለት ነው።

እኔ ማባበል አልችልም። «ስማኝ» አልኩት አፍንጫዬን እየጠረግሁ። «ደክሞኛል፣ አልዋሽህም። አንዳንድ ቀን በጣም ይደክመኛል፣ እቆጣለሁም፣ አሁንም ተቆጥቻለሁ። ሂድልኝ ግን አላልኩም። ሂድልኝ ስልህ ሰምተሃል? እወድሃለሁ እኮ። የምትሄደው ለእኔ ብለህ ከሆነ፣ እኔ አልፈልግም። ገባህ?»

በግራ እጁ የሻዩን ብርጭቆ ወደ ጎን ገፋ። ከዚያ እሺ አለኝ። አጭሯን ነው ያለኝ፤ ደግሜ አልጠየቅሁትም።

አጎቴ ከዐስር ሶላት በኋላ ስጦታ ተሸክመው ገቡ። ሁለታችንንም አይተው «ምን ሆናችኋል? ማን ሞተ?» አሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሁለቱን ቃላት፣ አጭሯንና ረጅሟን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ልጄ» አሉ፣ «ጆሮ የፈለገውን ነው የሚሰማ። አንቺ እንዲቀር ትፈልጊያለሽ።»

እውነታቸውን ነበር። «ራስዎ ይጠይቁት» አልኳቸው። «እኔ የማላውቀውን ነገር ይጠይቁት።»

አጎቴ ተቀመጡ፣ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ጥቂት አሰቡና ወደ አባዬ ዞሩ። «ጀባር፣ ልጆች ሳለን የጎረቤታችንን የንብ ቀፎ የጣልከው አንተ ነበርክ?»

«እይይሽ» አለ አባዬ፣ ረጅሟን፣ ግንባሩን አጨማዶ።

አጎቴ ዓይናቸው ፈጠጠ። «እኔ ነኝ?»

«እሺ።» በጣም አጭር ነበረች።

አጎቴ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እሱ ነበር የተገረፈው» አሉኝ። «አንድም ቀን እኔ አይደለሁም ብሎ አያውቅም። እሺ ብሎ ተገረፈልኝ። ይዞታል እንጂ መች ረሳው?» ሳቃቸው እየቀነሰ ሄደ። ታናሽ ወንድማቸው ሲጠየቅ እሺ የሚለው ስለፈለገ ብቻ እንዳልሆነ ከእኔ በፊት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ቆባቸውን ከጉልበታቸው አንስተው መልሰው ደፉት። አገራችን እንግባ ብለው እንደገና እንደሚጠይቁት ጠብቄ ነበር፣ ፈርቼም ነበር። አባዬ ታላቅ ወንድሙን ፊት ለፊት እምቢ ከሚል ዛሬውኑ ተነስቶ ቢሄድ ይቀለዋል። እሳቸውም ይህንን ሳያውቁት አልቀሩም፤ ጥያቄውን ገለበጡለት።

«ጀባር» አሉት። «ልተውህ?»

አባዬ ግራ እጁን ዘርግቶ የወንድሙን እጅ ፈለገና ያዘው። «እሺ» አለ። ለእኔ ያላትን ያህል አጭር ነበረች፣ ድምፁ ግን ተሰበረ።

«እሺ» አሉ አጎቴም። እኛ ቤት ታናሽ ነው ታላቁን እሺ የሚለው። ሲገለበጥ አይቼ አላውቅም ነበር፤ እሳቸውም ብለውት የሚያውቁ አልመሰለኝም።

ተነስተው ሳሎኑ መሃል ተዘግቶ የቆመውን የአባዬን ሻንጣ ከፈቱት። ልብሱን እያወጡ ይሰጡኝ ጀመር፤ ሹራቡን፣ ካልሲውን፣ ፒጃማውን። ጥግ ላይ አንድ ነጭ ጀለቢያ ነበር፣ መታጠፊያው ገና ያልለቀቀ፣ እሳቸው ከወራቤ ያመጡለት። እሱን ለእኔ አልሰጡኝም፤ ይዘውት ቆሙ።

«የሚተኛበትን ክፍል አስቀብቼ ነው የመጣሁት» አሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ለእሱ ብዬ ነው የመጣሁት ስል ነበር፤ ለራሴም ነበር ለካ። እንግዲህ ብቻዬን መመለሴ ነው።»

ከኋላቸው አባዬ «ኤይሽ» አለ። ረጅሟን፣ እስከ ታች የምትወርደዋን፣ ከወራት በኋላ ጥርት ብላ የወጣችለትን።

አጎቴ ዳቬይተንን አይተው አያውቁም፤ የታውንሺፕ ቃል አንዲትም አያውቁም። ምን ማለቱ ነው ብለው ግን አልጠየቁኝም። ጀለቢያውን እንደያዙ መጥተው ከወንድማቸው ጎን ተቀመጡና እንዲዳብሰው ትከሻቸውን ሰጡት።